አሜሪካ የገደለችውን ያልቀበሩት ሰው፦ የአቶ ኢሶኪቺ ሂሩማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኢሶኪቺ ሂሩማ ከአባታቸው ከአቶ ዮሄይ ሂሩማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታትሱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 በቶኪዮ ካትሱሺካ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች በልተው ከጣሉት ጣሳ የመጫወቻ መኪና ይሠሩ ነበር። እሳቸውም ትምህርታቸውን በአሥራ አምስት ዓመታቸው ጨርሰው የመጫወቻ ፋብሪካ ገቡ፤ ሥራቸው ፕላስቲኩ የሚፈስበትን የብረት ቅርጽ መቅረጽ ነበር። በ1964 ወይዘሮ ሱሚኤን አግብተው ቺቶሴን ወለዱ። ቁጡ ነበሩ፤ ሞቱ ተብሎ አመላቸው አይታጠብም።

በ1983 ጎንታ የተባለውን መጫወቻ ሠሩ፤ ሲታጠፍ የእሳት አደጋ መኪና፣ ሲዘረጋ ሮቦት ነው። የአሜሪካ መጫወቻ ነጋዴዎች ወሰዱት፤ ሌላ ስም፣ ሌላ የካርቱን ታሪክ ሰጡት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አዳዲስ መጫወቻ ሊሸጡ ብለው በፊልም ገደሉትና «እናንተም መሥራት አቁሙ» ብለው ወደ ጃፓን ላኩ። የፋብሪካው አለቃ አቶ ኩሬባያሺ ቅርጹ እንዲሰበር አዘዙ። ሠራተኛው ደግሞ «በአገራችን ወግ እንደ ማንኛውም አሻንጉሊት በቤተ መቅደስ በጸሎት ሳይሸኝ አንሰብርም» አለ።

ሽኝቱ ተዘጋጀ። መነኩሴው ጸሎት ሲጀምሩ አቶ ኢሶኪቺ ዘው ብለው ገብተው ጎንታን ከመሠዊያው ላይ አነሡት።

«አቶ ሂሩማ! ምን መሆንዎ ነው?» አሉ አለቃው።

«የሞተው እዚያ ነው። እዚህ ማን ሞተ?»

«አሜሪካኖቹ እኮ...»

«እነሱ የራሳቸውን ይቅበሩ!»

በፋብሪካው ቀለም ቀቢ የነበረችው ታላቅ እህታቸው ኩኒ ከኋላ ሆና «አንተ! ጫማህን እንኳ አላወለቅህም!» ብትላቸው፣ «ቸኩዬ ነው፣ እቴቴ» አሉ።

መነኩሴው ደወላቸውን አስቀመጡ። «እኔ በሕይወት ላለ የሙት ጸሎት አላደርስም» አሉ። ሽኝት ስላልተደረገ ቅርጹም ሳይሰበር ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የአሜሪካና የጃፓን መንገድ ለየቅል ሆነ። በጃፓኑ ታሪክ ጎንታ አልሞተም፤ አሜሪካ አይታቸው የማታውቅ ጓዶች ተጨመሩለት፤ እህትማማች ባቡሮች ሳይቀሩ። «የጃፓኑ የተሳሳተ ነው» የሚል ካለ፣ ጎንታ ከማን እጅ እንደወጣ ይጠይቅ።

አቶ ኢሶኪቺ በሆድ ካንሰር ሁለት ዓመት ታመው፣ በኅዳር 2019 በተወለዱ በ81 ዓመታቸው አረፉ። ቺቶሴ ጎንታን ከአባቷ ጋር በሣጥኑ ልታስገባው ብትል፣ አስከሬን የሚያቃጥሉት ሰዎች «ብረት ያለው ነገር አይገባም» አሉ። እሰየው! ጎንታ ዛሬም ቺቶሴ ጭን ላይ ተቀምጦ ያያችኋል።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ሱሚኤ፣ ልጃቸው ቺቶሴ፣ እህታቸው ኩኒና ጎንታ አሉ። ቡድሃ ነፍሳቸውን ንጹሑ ምድር በሚባለው ገነቱ ይቀበል። ጎንታን ግን ማንም እንዳይሸኘው፤ አልሞተም።