ሰመራ ላይ ደመና ሲመጣ

ውድነሽዬ፣ ቴፒ እንዴት ሰነበታችሁ?

እዚህ ሰመራ የአገራችን አመል ጉድ ሠራኝ። ትናንት ሰማዩ ሲጠቁር፣ እንደ ተሰጣ ቡና ሊበሰብስ ነው ብዬ የግቢውን ልብስ ሁሉ ከገመድ ለቅሜ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ዝናቡ እንዳያመልጣቸው ወደ ውጭ ይሮጣሉ። አከራዬ ወይዘሮ ሞሚና፣ «ተዪው ልጄ፣ ልብሱም ይቅመስ» ብለው ሳቁብኝ። ደመናው ጠብታ እንኳ ሳይጥል አለፈ።

ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ የቧንቧው ውሃ በቀትር ቆዳ ይልጣል። ግን ጭቃ የለ፣ ሻጋታ የለ፤ ቡናችንን እዚህ ብናሰጣው ሳንገለብጠው ይደርቃል። መሥሪያ ቤቱ በቋሚነት ቅሪ ብሎኛል፤ ሳመነታ ከረምኩ።

የፖስት ካርዱ ቦታ ሞላብኝ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ጃንጥላዬን አንቺው ውሰጂው። ዛሬም ደመና መጣ፤ ልብሱን ትቼ ከጎረቤቶቼ ጋር ውጭ ቆምኩ።

ዮሃና