ስለ ሦስት ጣቱ ዘንግ

ለተከበሩ የድልድይ ሥራ ሹም
አራዳ፣ አዲስ አበባ

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅ፤ ወንበርዎም ከድልድይዎ ይልቅ ጸንቶ እንዲቆይ እመኛለሁ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩትን አስቀድሜ ለእርስዎ ልናገር። ባለቤቴ ወልደገብርኤል፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ የእግረኛ ድልድይዎን የብረት ጆሮዎች፣ ማያያዣው ዘንግ የሚያልፍባቸውን፣ እንዲበሳ ሲታዘዝ ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን አምጥቶ ሰጠኝ። ከሥዕሉ ሥር በፈረንጅ አኃዝ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ጸሐፊዎ አቶ እምሩ ደግሞ ከበታቹ በአማርኛ «ሦስት ጣት» ብለው ጨምረውበታል። አማርኛውን አነበብኩለት። አኃዙን እየነካ «ይህስ ምን ይላል?» አለኝ። አላውቀውም ነበር። «ሚስቴ ፊደል በራሷ የተማረች ናት» እያለ በሰፈሩ ይኮራብኝ ስለነበር አላውቅም ማለት አሳፈረኝና «ያንኑ ነው የሚለው» አልኩት። እሱም በራሱ ሦስት ጣት ለክቶ በሳው።

የራሴን በደል ከተናገርኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ያለብኝን ምስጋና ደግሞ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሁለቱን ጆሮዎች የሚያያይዘውን ዘንግ ከሱቅ ለክተው እንዲያስቆርጡ አቶ እምሩን ስለላኩ አመሰግናለሁ። አቶ እምሩ ከብዕር በቀር የጨበጡት ነገር ስለሌለ ጣታቸው ቀጭን ነው፤ የባለቤቴ ግን መዶሻ ያወፈረው ጣት ነበር። ስለዚህ በአንድ ወረቀትና በአንድ ቃል ሰፊ ቀዳዳና ቀጭን ዘንግ ለማግኘት በቃን።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ዘንጉ ሲገባ አይቶ «ጌታዬ፣ ይህ ነገር በቀዳዳው ውስጥ ይዙር እንጂ አይንገጫገጭ፤ ሰው በረገጠ ቁጥር አንዱን ጠርዝ ብቻ እየመታ ጆሮውን ይቀደዋል» ብሎ ሲያመለክት፣ ለጥምቀት ሦስት ቀን እንደቀረ አስታውሰው ክፍተቱ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ እንዲሞላ ስላዘዙ ብልሃትዎን አደንቃለሁ። ቆርቆሮው እስከ በዓሉ ማግስት ታግሷል።

ሦስተኛ፣ በዚያው በበዓሉ ማግስት ጠዋት ጆሮው ተቀዶ ድልድዩ ከሥሩ ሆኖ ሲመረምር በነበረው በባለቤቴ ላይ ወድቆ ከገደለው በኋላ፣ የሾሟቸው መርማሪዎች ዘንጉን ለመለካት ሳይደክሙ «የቀጥቃጭ ዓይን በልቶት ነው» ብለው ስለጻፉ እጅ እነሳለሁ። ዓይኑ ብረት የሚበላ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ወናፍ ሲነፋ መኖሩ ይገርማል።

ያን ቀን አላለቀስኩም። ልብሱን አጠብኩ፣ አጣጠፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ከዚያ በአራዳ ሱቆች ደጅ የተደረደሩትን የሸቀጥ ሣጥኖች እያየሁ የፈረንጅ አኃዝ ተማርኩ። ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። ወረቀቱ ስድሳ ሚሊሜትር ይላል።

አራተኛውን ምስጋና ግን ለማቆየት ፈቃድዎን እለምናለሁ፤ ሥራው ገና ስላልተጀመረ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ ድልድይ በደጅዎ የለጠፉትን ትእዛዝ ቆሜ አነበብኩ። ዘንጉ ዛሬም «ሦስት ጣት» ነው፤ የማን ጣት እንደሆነ አልተጻፈም። ልኬቱ በአኃዝ እንዲጻፍ፣ ቀዳዳውንም ዘንጉንም አንድ ሰው በአንድ መለኪያ እንዲለካ፣ የሰው እግር ከመርገጡ በፊት ድልድዩ በድንጋይ ጭነት እንዲፈተን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ድንጋይ ሚስት የለውም።

በድልድይዎ ከመሻገር ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ውስጥ መግባትን የመረጠች፣ ለክብርዎ ዝቅ ብላ የምትሰግድ፣
የወልደገብርኤል ሚስት የነበረች አይናዲስ
ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ መሥሪያ ቤት በሦስት ሰዓት ይከፈታል፤ አዲሶቹን ጆሮዎች እንዲበሳ የታዘዘው ቀጥቃጭ ሐዱሽ ግን ከሰሉን የሚያቀጣጥለው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። አንዴ የተበሳ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይደፈንም። ስለዚህ ለክብርዎ የተላከው ግልባጩ ነው፤ ዋናውን የሚቀበለው ሐዱሽ ነው።