እግሬ አይደለም፣ ፔዳሉ ነው

ሰኞ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አሰላ

ዛሬም ከጢቾ ገብስ ጭኜ ስመለስ የፒክአፗ ነዳጅ መስጫ አልረገጥ ብሎ እግሬን ገደለው። ጋራዥ ጎራ አልኩ። መካኒኩ ፔዳሉን እንኳ ሳይነካ፣ «ጋሼ ሁሴን፣ መኪናዋስ ደህና ናት፤ የደከሙት እርስዎ ነዎት። መሪውን ለልጅዎ ይልቀቁ» አለኝ።

እኔ ነኝ የደከምኩት?

ደጄ ላይ ራሴ ፈታሁት። ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ ሽፋኑ ውስጥ በረጋ ሞራ ታፍኗል። በላምባ አጥቤ የሞተር ዘይት አጠጣሁት። አሁን በአውራ ጣት ይረገጣል። ነገ እዚያው ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሞተሩን አስጮህበታለሁ!

የበግ ሞራውን ባለፈው ወር ቆላ ወርጄ ዘይት ሳጣ የቀባሁት እኔው ነኝ። እዚያ ሙቀት ላይ እንደ ዘይት ቀልጦ ነበር፤ የአሰላ ብርድ ሲያገኘው ድንጋይ ሆነ። ይቺን ግን ለዚያ መካኒክ ብሞት አልነግረውም።