ደጅ ጥናት በኮሌጅ ፓርክ

ሰኞ
መለሰችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ እንዳለ መለሰችልኝ፤ ዳር ዳሩ በሙሉ በቀይ ተሞነጫጭሯል። አማካሪዬ ፕሮፌሰሯ ራሷ የሩማንያ ተወላጅ ናት፤ ምን ብዬ ልከራከራት? የጻፍኩት ይህንን ነው፦ የቱርክ ሱልጣን የኢስታንቡል ግሪኮችን እየሾመ ሩማንያን ባስገዛበት ዘመን ጉቦውም ሽንገላውም አብሯቸው ገባ። ያነበብኳቸው የሩማንያ ልብ ወለዶች ሁሉ የሚሉት እንዲህ ነው። ባዕዱ ባዶ እጁን መጥቶ የጌታውን ቤት ይወርሳል፣ አገሬው ያለቅሳል።
“በሩን ማን ከፈተለት?” አለችኝ።
እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከልኩት ከዶክትሬቱ እሰናበታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ!

ማክሰኞ
አንድ መስመር አልጻፍኩም። አባዬ ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ምላሴን በቆረጠው። “ሴትዮዋ ተቀይመውሻል” አለ። ቅያሜ አይደለም፣ ሥራዬ ደካማ ሆኖ ነው ብለው ማን ይስማኝ። ወሎዬ ነው፤ አሜሪካ ቢኖርም ለእሱ በሽማግሌ የማይፈታ ነገር የለም።

ረቡዕ
ልብ ወለዶቹን እንደገና። ግሪኮቹ ሹመቱን በገንዘብ ይገዙታል፣ ሳይሻሩ መብላት አለባቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ይህን ተረት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ያስተማረን ግሪክ የለም። እጅ መንሻ ይዞ የተሾመውን ልዑል ደጅ የሚጠናው የአገሬው ሰው ግን በሁሉም መጽሐፍ መሳቂያ ነው። ሲያጎነብስ ቆቡ ይወድቃል፣ እኛ እንስቃለን። ደከመኝ። ጭንቅላቴ አልሠራ አለ።

ሐሙስ
ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! አባዬ፣ ወዳጆቹ ሐጂ ይማምና የስፕሪንግፊልዱ ጋሽ ተፈራ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ድረስ ሄዱ። ለሽምግልና! ሱፍ ለብሰው፣ ማርና ጥልፍ ነጠላ ይዘው። አባዬ በኩራት ነው የነገረኝ፦ “ተቀመጡ አሉን። ‘ልጃችንን ይቅር ሳይሉልን አንቀመጥም’ አልናቸው። ጋሽ ተፈራ ትራንስሌት አደረገ። ሐጂም ዱዓ አደረጉላቸው። ደንግጠው እሳቸውም ቆመው ቀሩ።”
ማታ ኢሜይሏ መጣ። ስጦታ መቀበል አይፈቀድላትም፤ ለዲፓርትመንቱ ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። አለቀልኝ።

ዓርብ
ጠራችኝ። ማሩና ነጠላው ጠረጴዛዋ ላይ ነበሩ።
“አባትሽን ይህን ያስተማራቸው የትኛው ግሪክ ነው?” አለችኝ። አልሳቀችም።
በሀፍረት ተቃጠልኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። አባቴ ጉቦኛ አይደለም፤ ለልጁ ሊለምን ነው የሄደ። ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣውን አልኳት፦ ከእነዚያ ልብ ወለዶች አንዱም እንኳ ደጅ የሚጠናው ሰው ለማን ብሎ እንደቆመ አይጠይቅም። ስድቡን ለባዕዱ፣ ሳቁን ለለማኙ አካፍለው ያልፋሉ። በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ልጁ የታሰረችበት፣ መሬቱ የተወሰደበት አባት ነው።
“ጻፊው” አለችኝ። “የዲፓርትመንቱ ኮሚቴ ግን ስለ ስጦታው ምን እንደሚወስን አላውቅም። አንቺ የላክሻቸው ሊመስላቸው ይችላል።”

ቅዳሜ
እየጻፍኩ ነው፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ። ጠዋት አባዬ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ክፍሌ በር ላይ ቆመ። ፕሮፌሰሯ ማሩንም ነጠላውንም በእኔ እጅ መልሳቸዋለች፤ ወጥ ቤት ሲያያቸው ገባው መሰለኝ።
“አበላሸሁብሽ እንዴ ልጄ?” አለኝ።
እውነቱ አዎ ነው።
“አይ፣ አባዬ። እንዲያውም ጠቀምከኝ” አልኩት። አመነኝ። ፊቱ በርቶ ወጣ፤ እኔ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።