ያልታመምንበት ክኒን

አባ፣

ግንቦት ተመልሶ መጣ። ያለ አንተ ዓመት ሞላ ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ «እንግዲህ ተቀበይው» ይለኛል። ተቀብያለሁ። መሞትህን ተቀብያለሁ፤ የአላህ ነው። አሟሟትህን ግን አልቀበልም።

ቤት ምን ተለወጠ? እማ በቀትር መተኛት ትታለች። ሰፈሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ጸጥ ሲል እሷ ጓሮ ቁጭ ብላ ያልቆሸሸ ልብስ ታጥባለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የምትመልስልኝን እፈራለሁ።

ትዝ ይልሃል? ሙቀቱ ሲበረታ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ትረጭና በሽርጥህ ትዘረጋ ነበር። እኔ ከጎንህ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ፀሐይ ብቻዋን ትሥራ፣ ትል ነበር። ከዚያ ተነስተህ ወደ ፋብሪካው ተመልሰህ እስኪመሽ ጥቅል ትሸከማለህ። ድሬ እንዲህ ስትሠራ ኖረች። ማንም ሰነፍ ብሎህ አያውቅም።

አዲሶቹ ኃላፊዎች ፋብሪካውን ሲረከቡ የቀትሩን ዕረፍት ሰረዙት። ምሳ በልቶ መመለስ ብቻ። ሄደህ ጠየቅካቸው፤ ሌላ አገር እንዲህ ነው የሚሠራው አሉህ። በዚያው ሰሞን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጨርቅ ጥቅል ተሸክመህ መጋዘኑ በር ላይ ወደቅክ። እኔ ስፌት ክፍል ነበርኩ። ሰው መጥቶ ትከሻዬን እስኪነካኝ ድረስ ምንም አልሰማሁም።

ዕድሜው ነው፣ አሉ። ዕድሜህ!

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለስብሰባ ጠሩን። አሁን የምሳ ሰዓቱም ሊያጥር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አሰልጣኝ፣ ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስበት አዳራሽ ቆሞ፣ የእንግሊዞችን አባባል አስረዳን። እነሱ «መራራ ክኒን መዋጥ» ይላሉ አለ። እውነቱ ቢመርህም፣ ልትለውጠው ካልቻልክ አፍህ ውስጥ አታቆየው፤ በአንዴ ዋጠውና ኑሮህን ቀጥል ማለት ነው አለ። አንገቱን ቀና አድርጎ አዋዋጡን ሳይቀር አሳየን።

አጠገቤ የምትሰፋው ፋጡማ አላስቻላትም።

«አቦ አንተ! ክኒን የሚውጠው የታመመ ነው። እኛ ምን ሆንን?»

«እናቴ፣ ምሳሌ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ምሳሌውን አንተ ዋጥልን። እኛ ጋደም ብለን እንጠብቅሃለን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ።

አባባሉ መጥፎ አይደለም፣ አባ። አስቤበታለሁ። አንተን ቀብረን ስንመለስ እኔም ውጫለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ለሞት ይሆናል። ለእርጅና፣ ዝናብ ለከለከለ ሰማይ ይሆናል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የቆረጡትን ሰዓት ግን እንደ ሞት ዋጡት ማለት ምን ማለት ነው? የቆረጡት ይቀጥሉት! ሐኪም እንኳ ክኒን ከማዘዙ በፊት የት ጋ ነው የሚያምሽ ይላል። እኛን ማን ጠየቀን? አንተን ማን ጠየቀህ?

ነገ ስድስት ሰዓት ላይ የስፌት መኪኖቻችንን ልናጠፋ ተስማምተናል። ፋጡማ፣ እኔ፣ ክፍላችን በሙሉ። የአንተ የመጋዘን ጓደኞችም አብረውን ናቸው። እስከ ዘጠኝ አንሠራም፤ የጎደለውን እንደ ድሮው አምሽተን እንሠራለን። ሊያባርሩን ይችላሉ። ለእማ አልነገርኳትም። ቤታችን በእኔ ደሞዝ ነው የቆመው። ይህን ሳስብ ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ እንደገና ቁጭ እላለሁ። ልተወው ብዬም አስቤ ነበር። አልሆነልኝም።

ዓርብ የዓመትህን ሰደቃ እናወጣለን። ቁርአን ይቀራል፣ ጎረቤት ይበላል፣ ዱዓ ይደረግልሃል። በዚያ እማ ታስብሃለች። እኔ ነገ በቀትር አስብሃለሁ። አለቃው መጥቶ ለምን ቆምሽ ሲለኝ፣ ስምህን ከነአባትህ እነግረዋለሁ።

ልጅህ