በስልክ የተነበበ ስክሪን

ጥቅምት 4
ከቤት ሠራሁ፣ እንደ ወትሮው። የክሊኒኩን ሰርቨር ከሩቅ ገብቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ከሰዓት ስልክ ጮኸ። "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው" አለ ሰውየው። "ምንም አይደለም" አልኩ። የዛሬ ንግግሬ ይኸው ነው...

ጥቅምት 6
ጉድ ሠራሁ። የሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚል አዲስ ሕግ ጨመርኩ። የራሴን አድራሻ ረሳሁ። ኢንተር ስጫን ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ፣ በሩን ራሴ ላይ ዘጋሁ። ላቦራቶሪውም ላይ ተዘግቷል፤ የበሽተኛው ውጤት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ በተሰካው ስክሪንና ኪቦርድ፣ በኮንሶሉ መግባት። ክሊኒኩ ደግሞ በአውቶቡስ ስምንት ሰዓት ይፈጃል።
የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ያላት ጽዳቷ ነበረች። መዝጋቢዋ በስልክ አገናኘችኝ።
"ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው አቧራውን መጥረግ ነው።"
"የምነግርሽን ብቻ ተጫኚ፣ እህቴ። ስክሪኑ ምን ይላል?"
ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። ፊደል በፊደል ነገርኳት።
"አሁን ትንሽ ሰረዝ። ከዚያ ኤፍ፣ ትልቁ።"
"ትልቅና ትንሽ አላቸው?"
"አዎ። በትንሹ ከጻፍሽው አይሰማሽም።"
"እሱም እንደ ሰው ነዋ።"
ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?
"ቤትህ ጭር ብሏል። ሰው የለም?"
"የለም።"
"ሚስትስ?"
"ነበረች።"
"በል፣ ቀጥሎ ምን ልጫን?"
ሰርቨሩ ተከፈተልኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሥራው አልቆም ስልኩን አልዘጋሁም፤ የዘጋችው እሷ ናት።

ጥቅምት 8
የክሊኒኩ ኃላፊ ደወለ። "ያቺ ጽዳት ናት አይደል ገመድ የነቀለችው? ባልዲ ይዛ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ታይታለች።"
"ሊሆን ይችላል" አልኩ።
ውሌ በዚህ ወር ይታደሳል... ለዚህ ነው? ከዚያ ምሳዬን በላሁ። መብላቴ ነው የገረመኝ።

ጥቅምት 9
ለጽዳቷ ደወልኩላት። አላነሳችም።

ጥቅምት 11
ክሊኒኩ ደወልኩ፤ መዝጋቢዋ አነሳች። "ጽዳቷን ነው? ታግዳለች እኮ። የስንብት ደብዳቤዋ እየተጻፈ ነው። አህያውን ፈርተው ዳውላውን..."
አህያው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 12
ሰርቨሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነሰዓቱ፣ ከነጻፈው ሰው ስም ይመዘግባል። ያን መዝገብ ከፍቶ የሚያይ ከእኔ በቀር የለም። ሁለት ጊዜ ላጠፋው ቃጣሁ። በኋላ ገልብጬ ለኃላፊው ላክሁት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ባትኖር አይከፈትም ነበር" ብዬ ጻፍኩበት።
ወዲያው ደወለ።
"ያን ቀን አፍህን ምን ያዘው?"
"ፈራሁ።"
"አንተ ፈርተህ ሴትዮዋ ትባረር?"
ውሳኔውን እዚያው ነገረኝ።
እሷ ነገ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ ከሩቅ መግባት ተከለከልኩ። ውሉን ከፈለግኩ እዚያው ሄጄ፣ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ ነው።

ጥቅምት 22
ትናንት ማታ ደረስኩ። የሰርቨሩ ክፍል መስኮት የለውም፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ጃኬቴን ሳላወልቅ ኮንሶሉ ፊት ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ ጽዳቷ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ድምጿን ሰምቼ ወፍራም ሴት መስላኝ ነበር፤ ቀጭን ናት።
"ስልክ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ" አልኳት።
"አውቄሃለሁ።"
"ይቅርታ ልጠይቅሽ..."
"እግርህን አንሳ።"
አነሳሁ። ከወንበሩ ሥር ወለወለች።
"አራት ቀን ሙሉ ልጆቼን ፈቃድ ወጥቻለሁ እያልኩ ዋሸሁ" አለች ቀና ሳትል። "ይቅርታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ያ ውሸት ከውስጤ ይውጣልኝ።"
"እሺ።"
"ሳይደርቅ እንዳትረግጥ።"
መወልወያዋን ይዛ በሩን ተደገፈች። እኔም እግሬን እንዳንጠለጠልኩ ቆየሁ። ወለሉ በዚህ ብርድ ቶሎ አይደርቅም። እስኪደርቅ አልሄደችም።