ለጉልበትዎ የተቀዳው ድምፅ

ይድረስ ለምወድዎት ለእማማ ሙሉወርቅ። ምራትዎ ሩሃማ ነኝ፣ ከኮሎምበስ። ለመሆኑ ያ አስቸጋሪ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?

እኛ ደህና ነን። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ኩሽናዬን ከተረከቡ ሰነበቱ። ከነሱ አንዷ ሂሩት እንደ ልማዷ ጨው ታበዛለች፤ እኔም የሰጡኝን እጎርሳለሁ።

ልጅዎ ሲራክ ለጉልበትዎ ያስመዘገበዎት የስፖርት ፕሮግራም ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሱ ስልክ ይጮኻል። ስልኩ እኔ ጋ ነው። የአሠልጣኟን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰ በድምፁ ቀድቶ የላከልዎትን፣ አደራ፣ እንዳያጠፉት። «እማዬ፣ ወንበሩን ሳትይዢ ተነሺ! ሠርግ ላይ ስትጨፍሪ መቼ አመመሽ?» የሚለውን ትናንት ከፈትኩት። ልጃችን ሀኒ ሮጣ መጥታ «ማሚ፣ ፕሌይ ኢት አጌን!» አለችኝ። ደጋግመን ሰማነው።

ሲራክ ኮል ያላደረገልዎት የሚሠራበት የግሮቭፖርቱ መጋዘን ሥራ በዝቶበት ነው ብዬዎት የለ? ለጊዜው እሱኑ ይያዙልኝ።

እሁድ በማለዳ ቄስ ወልደሚካኤል ከሰፈርዎ ሽማግሌዎች ጋር እርስዎ ዘንድ ብቅ ይላሉ። እርስዎ እንግዳ ቁጭ ብለው እንደማይቀበሉ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን፣ በሞቴ፣ እንዳይነሱ። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ደግፌ አልይዝዎትም።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታልዎ።

ልጅዎ ሩሃማ